የፒንክ ፍሎይድ ሽያጭ፦ ሶኒ የገዛው ምኑን ነው?

በኦክቶበር 2024 መጀመሪያ ላይ ሶኒ ሚዩዚክ ከእንግሊዙ የሮክ ባንድ ከፒንክ ፍሎይድ ጋር የሽያጭ ውል መፈራረሙ ተሰማ። የተዘገበው ዋጋ ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። (እዚህ ያሉት ወራትና ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዜናው ወደ ማኅበራዊ ሚዲያ ሲሻገር ግን ተደበላለቀ። አንዱ «ዘፈኖቻቸውን ሸጡ» አለ፤ ሌላው «ባንዱን ሸጡት» አለ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። የተሸጡት የተቀረጹት ድምፆች፣ እንዲሁም በባንዱ ስምና ገጽታ የመጠቀም መብት ናቸው። የግጥምና የዜማ ድርሰቶቹ በሽያጩ አልገቡም።

ይህ ልዩነት የጠበቆች ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የፒንክ ፍሎይድ አባላት ከ1968 ጀምሮ ደጋግመው የተጣሉት «ይህ የማን ነው?» በሚል ጥያቄ ሲሆን፣ የጠቡ ምክንያት የሆነው ንብረትም በየጊዜው ሌላ ነበር። አንዴ ድርሰት፣ አንዴ ስም፣ አንዴ መድረክ፣ አንዴ ደግሞ የአልበም ቅደም ተከተል። የባንዱን ታሪክም ሆነ የ2024ቱን ዋጋ ለመረዳት እነዚህን ለያይቶ ማየት ይበጃል።

አንድ ሙዚቃ፣ ሁለት ንብረት

የተቀረጸ ሙዚቃ ሁሉ ሁለት መብት አለው። የመጀመሪያው የድርሰቱ ነው፤ ማለትም የግጥሙና የዜማው። ይህ የደራሲውና የአሳታሚው ነው። ሁለተኛው በስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸው ድምፅ ራሱ ሲሆን፣ በሙያው ቋንቋ «ማስተር» ይባላል። ይህኛው ብዙ ጊዜ ወጪውን የሸፈነው የሙዚቃ ኩባንያ ወይም ባንዱ የሚይዘው ነው። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) ሁለቱን ይለያል፦ ለደራሲው «የቅጂ መብት»፣ ለከዋኙና ለድምፅ ፕሮዲዩሰሩ «ተዛማጅ መብት» ይሰጣል።

ገንዘቡም በሁለት መንገድ ይሄዳል። ሙዚቃ በኢንተርኔት ሲደመጥ አከፋፋዩ ከሚሰበስበው ገቢ ከግማሽ የሚበልጠው ለማስተሩ ባለቤት፣ 15 በመቶ ገደማው ደግሞ ለድርሰቱ ባለቤቶች ይከፈላል። በየድርሻው የሚከፈለው ገንዘብ ሮያሊቲ ይባላል። አንድ ፊልም ወይም ማስታወቂያ ሙዚቃውን መጠቀም ከፈለገ ግን የሁለቱንም ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ አንዱ እምቢ ካለ ነገሩ አለቀ።

ከባንዱ መሥራቾች አንዱ የነበረውና በ1985 የወጣው ሮጀር ዋተርስ በ2023 ያደረገውም ይህንኑ ልዩነት በግልጽ ያሳያል። የ1973ቱን «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» አልበም ብቻውን፣ በሌሎች ሙዚቀኞች እንደገና ቀርጾ አወጣ። የቀድሞ ጓደኞቹን ፈቃድ መጠየቅ አላስፈለገውም፤ አንድ ጊዜ የታተመን ድርሰት ለደራሲዎቹ የተወሰነውን ክፍያ እየከፈሉ እንደገና መቅረጽ ይቻላልና። የተከለከለው ከ1973ቱ ማስተር አንዲት ሰከንድ እንኳ መውሰድ ነበር።

በዚያው አልበም ላይ ክሌር ቶሪ የተባለች ድምፃዊት በድርሰትና በቀረጻ መካከል ያለውን ድንበር ፈትናለች። በጃንዋሪ 1973 አንድ እሑድ ምሽት ወደ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ተጠርታ፣ ግጥም በሌለበት የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች የሪቻርድ ራይት ዜማ ላይ በድምፅዋ ብቻ ተጫወተች። የተከፈላት 30 ፓውንድ ነበር። ክፍያው የከዋኝ ክፍያ ነው፤ ሆኖም ያዜመችውን ማንም ጽፎ አልሰጣትም፣ እዚያው ፈጥራው ነው። በ2004 የደራሲነት ጥያቄ ይዛ ከሰሰች፤ በ2005 በስምምነት ተቋጨ። ከዚያ ወዲህ ሙዚቃው በራይትና በቶሪ ስም ይታተማል። የ30 ፓውንድ ሥራ ከ32 ዓመት በኋላ ወደ ድርሰት ተሸጋገረ ማለት ነው።

ማስተሩ ለምን እንዲህ ተወደደ?

ቦብ ዲላን በ2020 ድርሰቶቹን ለዩኒቨርሳል ሲሸጥ ገዢው የገዛው ሌሎች ሰዎች የሚዘፍኗቸውን ዘፈኖች ነበር። የዲላንን ግጥም ማንም በአንድ ጊታር ሊጫወተው ይችላል። የፒንክ ፍሎይድ ጉዳይ የተለየ ነው፤ ከዋጋው ብዙው ያለው በወረቀት ላይ ሊጻፍ በማይችለው ነገር ውስጥ ነው።

ባንዱ በ1965 ለንደን ውስጥ ሲመሠረት ዋተርስ፣ ራይትና ከበሮ መቺው ኒክ ሜሰን የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ነበሩ። ከኬምብሪጅ የመጣው ሲድ ባሬት ደግሞ የሥዕል ተማሪ ነበር፤ ስሙንም ያወጣው እሱ ነው፣ ከሁለት የአሜሪካ ብሉዝ ሙዚቀኞች፣ ከፒንክ አንደርሰንና ከፍሎይድ ካውንስል ወስዶ። ድምፅን እንደ ሕንፃ መገንባት ከመነሻው የነበራቸው ዝንባሌ ይመስላል። በ1973ቱ አልበም ስለ ገንዘብ ለሚያወራው ዘፈን መግቢያ የሳንቲም መንኳኳት፣ የወረቀት መቀደድና የካሽ ሬጅስተር ድምፅ በሰባት ቁርጥራጭ ቴፕ ተቀረጸ። ቁርጥራጮቹ በማስመሪያ ተለክተው እኩል ርዝመት እንዲኖራቸው ተደረገ፤ ምክንያቱም ዘፈኑ የሚሄደው በሰባት ምት ነው፣ አንዱ ቁራጭ ትንሽ ቢረዝም ምቱ ይወላገዳል። ከዚያ ጫፍና ጫፋቸው ተጣብቆ እንደ ቀለበት እንዲዞሩ ሆነ። ይህ የማስተሩ አካል እንጂ በዜማ ምልክት የሚጻፍ ነገር አይደለም።

ሥራው የተቀረጸው 16 የድምፅ መስመር ባለው ቴፕ ላይ በመሆኑ መስመሮቹን ለያይቶ እንደገና ማቀናበር ይቻላል። መሐንዲሱ አላን ፓርሰንስ በ1973 ለአራት ስፒከር አቀናበረው። ጄምስ ጋትሪ በ2003 ለስድስት የድምፅ መስመር፣ በ2023 ደግሞ ድምፅ ከዙሪያና ከላይ ለሚሰማበት ለዶልቢ አትሞስ አዘጋጀው። እያንዳንዱ አዲስ ቅንብር ያንኑ አልበም ለአንድ አድማጭ ደግሞ ለመሸጥ ምክንያት ይሆናል። ማስተሩን የያዘ ይህን ማድረግ ይችላል፤ ድርሰቱን ብቻ የያዘ አይችልም።

አልበሙ በዓለም ዙሪያ ከ45 ሚሊዮን በላይ ቅጂ እንደተሸጠ ይገመታል። በአሜሪካ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ አንደኛ የሆነው ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ በሰንጠረዡ ውስጥ የቆየው ግን ተደምሮ ከ900 ሳምንት በላይ። ለባለሀብት ከአንዱ ሳምንት ይልቅ 900ው ይበልጣል።

ድርሻው ሲቆጠር የሚፈጠረው ቅሬታ

ባንዱ መጀመሪያ የተደራጀው ብላክሂል ኢንተርፕራይዝስ በተባለ ሽርክና ነው፦ አራቱ ሙዚቀኞችና ሁለቱ ሥራ አስኪያጆች በእኩል ድርሻ። በ1967 የሙዚቃ ኩባንያው ኢ.ኤም.አይ. 5,000 ፓውንድ ቅድሚያ ሰጥቶ አስፈረማቸው። ባሬት በአእምሮ ጤና መታወክና ኤል.ኤስ.ዲ. በተባለው ቅዠት አምጪ ዕፅ ምክንያት መጫወት ሲያቅተው በ1968 ወጣ፤ በእሱ ቦታ ጊታር ተጫዋቹ ዴቪድ ጊልሞር ተተካ። ሥራ አስኪያጆቹ ከባሬት ጋር መሆንን መረጡ፤ ሽርክናውም ሲፈርስ እስከዚያ ከተሠራው ሥራ ያላቸው ድርሻ ለዘለቄታው ተጠበቀላቸው። የባንዱ የመጀመሪያ ፍቺ በንጽጽር ሰላማዊ ነበር፤ የሚከፋፈሉት ገንዘብ ገና ስላልነበረ ሳይሆን አይቀርም።

ገንዘቡ ሲመጣ ስሌቱ ራሱ አጣላ። የድርሰት ሮያሊቲ የሚቆጠረው በደቂቃ ሳይሆን በዘፈን ብዛት ነው። በ1977ቱ «አኒማልስ» አልበም ላይ አምስት ሙዚቃዎች አሉ። አንደኛው 17 ደቂቃ ይፈጃል፤ ዋተርስና ጊልሞር አብረው የጻፉት ነው። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ደግሞ አንድ አጭር የዋተርስ ዘፈን ለሁለት ተከፍሎ የተቀመጠ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክፍል ወደ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። ለሁለት በመከፈሉ እንደ ሁለት ዘፈን ይቆጠራል። ጊልሞር የአልበሙን አንድ ገጽ ሊሞላ የቀረበ ሥራ ላይ ተካፍሎ፣ በድርሻ ግን ከሦስት ደቂቃው ዘፈን ያነሰ አገኘ። በ1979ኙ «ዘ ዎል» ልዩነቱ ሰፋ፤ ድርሰቱ ከጥቂት ዘፈኖች በቀር የዋተርስ ነው።

በዚያው ሰሞን ገንዘባቸውን ያስተዳድር የነበረው ኖርተን ዋርበርግ የተባለ ድርጅት ወድቆ ሚሊዮኖች ጠፉ። የእንግሊዝ ከፍተኛው የገቢ ግብር 83 በመቶ ስለነበረ ለአንድ ዓመት ከአገር መውጣት ግድ ሆነባቸው። «ዘ ዎል» የተጠናቀቀው በዚህ ጭንቀት ውስጥ ነው፣ ራይትም ከባንዱ የተባረረው ያኔ ነው። ሆኖም ለኮንሰርቶቹ በደመወዝ ተቀጠረ። በ1980ና 81 በአራት ከተሞች በተደረጉት 31 ትርዒቶች 12 ሜትር ከፍታ ያለው የካርቶን ግንብ በየምሽቱ ይገነባና ይፈርስ ነበር። ወጪው ከገቢው በለጠ፤ ኪሳራውን ሦስቱ ባለድርሻዎች ተሸከሙ። ከትርዒቱ ትርፍ ያገኘው የተባረረው ሰው ብቻ ሆነ።

ስሙ የማን ነው?

በዲሴምበር 1985 ዋተርስ ለሙዚቃ ኩባንያዎቹ ደብዳቤ ጽፎ ከባንዱ መውጣቱን አሳወቀ። እሱ የሄደበት ባንድ ያበቃለታል ብሎ ገምቶ ነበር። ጊልሞርና ሜሰን ግን በስሙ ሊቀጥሉ ተነሡ። ዋተርስ በኦክቶበር 1986 ስሙ እንዳይሠራበት ለመጠየቅ ለንደን ፍርድ ቤት ሄደ።

ችግሩ የተፈጠረው ከዓመታት በፊት በቀረ ነገር ነው፦ አንድ አባል ሲወጣ ስሙ ምን እንደሚሆን የሚወስን ግልጽ ስምምነት አልነበረም። የዋና ደራሲነት ጉዳይ በስም ባለቤትነት ላይ ቀጥተኛ ውጤት የለውም፤ ስም የንግድ ሀብት ነው፣ በፈቃዱ የወጣ ሰው ደግሞ የቀሩትን ሊከለክል የሚችልበት መሠረት ደካማ ነው። ዋተርስ ራሱ በ2013 ለቢቢሲ ሲናገር ተሳስቼ ነበር ብሏል።

በዲሴምበር 23 ቀን 1987 ክርክሩ ያለፍርድ ተቋጨ። ጊልሞርና ሜሰን ስሙን ይዘው ቀጠሉ። ዋተርስ የ«ዘ ዎል»ን የመድረክ መብትና ከ1976 ጀምሮ የባንዱ መለያ የነበረውን የሚነፋ አሳማ ወሰደ። (ከስምምነቱ በፊት በነበረው ጉዞ ጊልሞርና ሜሰን የመብት ጥያቄውን ለመሸሽ አሳማውን ወንድ አድርገውት ነበር።) ያኔ ስሙን ያገኘ ያሸነፈ መሰለ። ሜሰን እንኳ ለዚያ ጉዞ ወጪ ፌራሪ መኪናውን በመያዣ አስይዟል። ነገር ግን ዋተርስ ከ2010 እስከ 2013 «ዘ ዎል»ን ይዞ 219 ትርዒቶች አሳየና ወደ 458 ሚሊዮን ዶላር የትኬት ገቢ ሰበሰበ። ወጪው ያልተቀነሰለት አኃዝ ቢሆንም፣ ሶኒ ለቀረጻዎቹና ለስሙ በጠቅላላ ከፈለ ከተባለው በላይ ነው። ስለ 1987ቱ ስምምነት የሚጻፉ ጽሑፎች አብዛኞቹ ይህን ይዘሉታል።

ከመለያየታቸው በኋላ አራቱ (ዋተርስ፣ ጊልሞር፣ ሜሰንና ራይት) መድረክ ላይ አንድ ላይ የታዩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ጁላይ 2 ቀን 2005፣ ለንደን ሃይድ ፓርክ፣ በላይቭ ኤይት። ኮንሰርቱ ለ1977ቱ የኢትዮጵያ ረሃብ (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) የተደረገው የላይቭ ኤይድ 20ኛ ዓመት መታሰቢያ ሲሆን፣ በሕፃንነቷ የረሃቡ ምስል የሆነችው ብርሃን ወልዱም በዚያው መድረክ ቆማለች። በሚቀጥለው ሳምንት የባንዱ ምርጥ ሥራዎች ስብስብ ሽያጭ በእንግሊዝ 1,343 በመቶ መጨመሩ ተዘገበ፤ ጊልሞር ትርፉን ለበጎ አድራጎት እሰጣለሁ አለ። የቀረበላቸውን የጉዞ ገንዘብ አልተቀበሉም። ራይት በ2008 ሲሞት ነገሩ ተዘጋ፤ ባሬት ከሁለት ዓመት በፊት አርፏል።

ሁሉም እሺ ካላሉ የሚቆም ሥራ

ስሙ ቢፈታም ቀረጻዎቹ የጋራ ሆነው ቀሩ። በ2010 ባንዱ ኢ.ኤም.አይ.ን ከስሶ ረታ፤ ውሉ አልበሞቹ ተቆራርጠው እንዳይሸጡ ይከለክል ነበር፣ ኩባንያው ግን ይህ ለሲዲና ለሸክላ እንጂ ለኢንተርኔት አይሠራም ይል ነበር። ዓመት ሳይሞላ፣ በጃንዋሪ 2011፣ አዲስ ውል ሲፈረም ዘፈኖቹ በተናጠል መሸጥ ቀጠሉ። ከፍርዱ የተገኘው የመደራደር ጉልበት ነበር።

የውስጡ ችግር ከዚህ ይከፋል። የ«አኒማልስ» አዲስ ቅንብር በ2018 ተጠናቅቆ ነበር፤ ዋተርስና ጊልሞር በሽፋኑ ውስጥ ስለሚገባው ጽሑፍ ስላልተስማሙ እስከ 2022 ቆየ። ለጥቂት ገጽ ጽሑፍ አራት ዓመት። ከዚያም ዩክሬንና እስራኤልን በተመለከተ ዋተርስ የሚናገረው በሁለቱ መካከል የከረረ የአደባባይ ጠብ አስነሣ። ጊልሞር ከሽያጩ በፊት ሲጠየቅ የሳበው ገንዘቡ ሳይሆን ከውሳኔና ከጭቅጭቅ መገላገሉ እንደሆነ ተናግሯል። የ«አኒማልስ»ን ታሪክ ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም።

ዋጋው እንዴት 500 ሚሊዮን ተብሎ 400 ሆነ?

በ2022 ጨረታው ሲጀመር የተወራው ግማሽ ቢሊዮን ዶላር ነበር። ብዙዎች የዋጋውን መውረድ በዋተርስ ንግግር ብቻ ያሳብባሉ። የንግግሩ ተጽዕኖ አይካድም፤ ስሙን ለሚገዛ ኩባንያ ክርክር የበዛበት ስም አደጋ አለው። ነገር ግን ወለድን መርሳት አይገባም።

እንዲህ ያለ ሀብት የሚገመተው በየዓመቱ ከሚያስገባው የተጣራ ገቢ ተነሥቶ ነው። ለማስረዳት ያህል (የባንዱ ሒሳብ አይደለም) በዓመት 20 ሚሊዮን ዶላር የሚያስገባ ሀብት እንበል። ገዢው በ4 በመቶ ትርፍ ከረካ 500 ሚሊዮን ይከፍላል፤ 5 በመቶ ከፈለገ የሚከፍለው 400 ሚሊዮን ብቻ ነው። የእንግሊዝ ባንክ ወለድ በ2021 መጨረሻ ከ0.1 በመቶ ተነሥቶ በኦገስት 2023 5.25 በመቶ ደርሶ ነበር። ወለድ ሲጨምር ገዢ የሚፈልገው ትርፍም ስለሚጨምር፣ ማንም ምንም ባይናገር እንኳ ዋጋው መውረዱ አይቀርም ነበር።

ሻጮቹም የግብር ሒሳብ አላቸው። በእንግሊዝ በየዓመቱ የሚገባ ሮያሊቲ እስከ 45 በመቶ የገቢ ግብር ሲጣልበት፣ ከንብረት ሽያጭ የሚገኝ ትርፍ ግን በኦክቶበር 2024 መጀመሪያ በ20 በመቶ ይታሰብ ነበር፤ በዚያው ወር መጨረሻ ወደ 24 ከፍ ብሏል። ሰማንያን ለተጠጉና ለተሻገሩ ሰዎች፣ ለሟቾቹም ወራሾች፣ አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ከአምስት ቤተሰብ የጋራ ስብሰባ ይሻላል።

በዚያው ዓመት ሶኒ ለሌላው የእንግሊዝ ባንድ ለክዊን ሥራዎች ወደ አንድ ቢሊዮን ፓውንድ መስማማቱ ተዘግቦ ነበር። ማወዳደሩ የሚያሳስት ነው፤ በዚያኛው ውስጥ ድርሰቶቹም አሉበት።

የሚነሡት ሥጋቶች

ስግብግብነትን በሸክላ ላይ ሲያወግዝ የኖረ ባንድ ሥራውን ለግዙፍ ኩባንያ መስጠቱ ብዙ አድማጭ አስከፍቷል። ሙዚቃው ነገ የሳሙና ማስታወቂያ ላይ ይሰማል የሚለው ፍራቻ ግን ግማሹ ብቻ ልክ ነው፤ ከላይ እንዳየነው ድርሰቱ በደራሲዎቹና በአሳታሚዎቻቸው እጅ እስካለ ድረስ ሶኒ ብቻውን ማስተሩን ለማስታወቂያ ማከራየት አይችልም። በልብስ፣ በኤግዚቢሽን፣ በመታሰቢያ ዕቃ ላይ ግን ልጓሙ ላልቷል። ገዢው እንግዳ እንዳልሆነም ልብ ይሏል፤ ከ1975 ጀምሮ በአሜሪካ አልበሞቻቸውን ያወጣው ኮሎምቢያ ዛሬ የሶኒ ነው። በ2025 በፖምፔ ፍርስራሽ ውስጥ የተቀረጸው የባንዱ ፊልም ታድሶ ወደ ሲኒማ መመለሱና የ«ዊሽ ዩ ዌር ሂር» 50ኛ ዓመት እትም በሰዓቱ መውጣቱ፣ የአራት ዓመቱን መዘግየት ላየ አድማጭ ለውጥ ነው።

እኔ ክብደት የምሰጠው ለጊዜ ገደቡ ነው። እንግሊዝ የቀረጻን ጥበቃ በ2013 ከ50 ወደ 70 ዓመት አራዘመች። ያ ባይሆን የ1973ቱ አልበም ማስተር በ2023 መጨረሻ፣ ሶኒ ከመግዛቱ ዘጠኝ ወር ገደማ በፊት፣ በእንግሊዝ ነፃ ይወጣ ነበር። አሁን ጥበቃው የሚያበቃው በ2043 መጨረሻ ነው፤ በአሜሪካ በ2068። የድርሰቱ መብት ግን ደራሲው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል፤ በጋራ የተጻፈ ከሆነ የሚቆጠረው ከመጨረሻው ሟች ነው። ዋተርስና ጊልሞር በሕይወት ስላሉ በእነሱ ድርሰቶች ላይ ቆጠራው ገና አልጀመረም። የንግድ ምልክት ደግሞ በየአሥር ዓመቱ እየታደሰ እስከፈለጉት ይዘልቃል። ሶኒ ከማስተሮቹ ጋር ስሙንና ገጽታውን አንድ ላይ የጠየቀው ለዚህ ይመስላል፦ በ2044 ማንም በለንደን የ1973ቱን ቀረጻ የድርሰቱን ክፍያ ከፍሎ ሊያትም ይችላል፤ ፒንክ ፍሎይድ የሚል ካናቴራ ለመሸጥ ግን ያኔም የሶኒን ፈቃድ ይፈልጋል።